የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ጥቁር ወንድ ልጅ በአሜሪካ ትምህርት ቤት

ለዚህ ዕትም ከደረሱን ደብዳቤዎች አምስቱን አንድ ላይ ያቀረብነው ጉዳያቸው አንድ ስለሆነ ነው። ብዙ አንባቢዎቻችን «ይህ የአፍሪካ አሜሪካውያን ችግር ነው፤ የእኛ ልጆች ሐበሻ ናቸው» ይሉናል። የትምህርት ቤቱ መዝገብ ግን ልጁን የሚያውቀው «ጥቁር፣ ወንድ» ብሎ ነው፤ ኮሪደር ላይ የሚያየውም ሰው የአያቱን አገር አይጠይቅም። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ጥናቶች በአብዛኛው በአፍሪካ አሜሪካውያን ተማሪዎች ላይ የተሠሩ ናቸው። እኛም ዛሬ የምንጠቀምባቸውን መብቶች በብዛት ያስገኙት እነሱና ወላጆቻቸው በፍርድ ቤትና በአደባባይ ታግለው ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«ልጄ ሰባተኛ ክፍል ነው። ባለፈው ሳምንት "አልታዘዝም ብሏል" ተብሎ ለሦስት ቀን ታገደ። ከዚያ በፊትም ሁለት ጊዜ "ትንሽ እንዲረጋጋ መጥተሽ ውሰጂው" ብለው ደውለውልኝ ከሥራ ወጥቼ ወስጄዋለሁ። ስብሰባው ላይ ያስተረጎመልኝ ራሱ ልጁ ነው። ምን ላድርግ?» (እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ)

እህታችን፣ ከሦስቱ ቀን በፊት ስለ ሁለቱ ስልክ እናንሣ። ልጅ ባጠፋው ምክንያት በትምህርት ሰዓት ወደ ቤት ከተላከ፣ ስሙ ባይጠራም እገዳ ነው። ወረቀት ስለሌለው አይቆጠርም፤ ስላልተቆጠረም ማንም አይጠየቅበትም። ሌላ ጊዜ ሲደወልልዎ በትሕትና አንድ ነገር ይጠይቁ፦ «ይህ እገዳ ነው? ከሆነ በጽሑፍ ስጡኝ፤ ካልሆነ ወደ ክፍሉ ይመለስ።» ያለፉትን ሁለት ቀናትም ቀኑን፣ ሰዓቱንና የደወለውን ሰው ስም አስታውሰው ዛሬውኑ ደብተር ላይ ያስፍሩ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።

የእገዳው ወረቀት ላይ ደግሞ ጥፋቱ የተገለጸበትን ቃል ይዩ። አንዳንዱ ጥፋት ዓይን የሚያየው ነው፦ መስኮት ሰበረ፣ ሲጋራ አጨሰ። አንዳንዱ ግን በተመልካቹ ፍርድ ላይ የቆመ ነው፦ ናቀኝ፣ ጮኸ፣ አልታዘዝም አለ። ራስል ስኪባና ባልደረቦቹ በ2002 ያሳተሙት ጥናት እንዳሳየው፣ ነጭ ተማሪዎች ወደ ቢሮ የሚላኩት ይበልጡን በመጀመሪያው ዓይነት ጥፋት ሲሆን ጥቁር ተማሪዎች በሁለተኛው ነበር። በ2017–18 የትምህርት ዘመን በተሰበሰበው የፌዴራል መረጃ ጥቁር ወንዶች ከጠቅላላው የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪ 8 ከመቶ እንኳ አይሞሉም፤ ከትምህርት ቤት ከታገዱት ግን ሩብ ያህሉ እነሱ ናቸው። ስለዚህ «አልታዘዝም አለ» የሚለውን እንዳለ አይቀበሉት፤ ልጁን ለመከላከል ብለውም ወዲያው አይካዱት። ዝርዝሩን ይጠይቁ፦ የተሰጠው ትእዛዝ ምን ነበር? ስንት ጊዜ ተነገረው? እሱስ በትክክል ምን አለ? ከዚያ በፊት በነበሩት አምስት ደቂቃዎች ክፍል ውስጥ ምን ተፈጠረ? ሌላ ማን አየ?

እዚህ ላይ ከእኛ ቤት የሚመጣ አንድ ነገር አለ። ልጅ ትልቅ ሰው ሲቆጣው አንገቱን ይደፋል፣ ዓይን ለዓይን አይገጥምም፤ ለእኛ ጨዋነት ነው። አሜሪካዊ አስተማሪ ግን ይህንኑ እንደ ንቀት ወይም አንድ ነገር እንደ መደበቅ ሊያየው ይችላል። ለአስተማሪዋ በግልጽ ይንገሯት፤ ለልጁም ያስረዱት። ደግሞም ስብሰባው ላይ ገና ነገሩን ሳይሰሙ በርእሰ መምህሩ ፊት ልጁን አይቆጡት። በእኛ ልማድ ይህ መምህርን ማክበር ነው፤ እነሱ ግን ጥፋቱን እንዳመኑ አድርገው ይመዘግቡታል።

መብቱን በተመለከተ፦ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1975 ጎስ በሎፔዝ ላይ በተባለው የኮለምበስ፣ ኦሃዮ ክርክር እንደወሰነው፣ ለ10 ቀንም ሆነ ከዚያ ላነሰ ጊዜ የሚታገድ ተማሪ የተከሰሰበት ነገር ሊነገረው ይገባል። ካላመነ ማስረጃው ይገለጽለታል፣ የራሱንም ወገን ያስረዳል። ይህ በተለመደው ሁኔታ የሚደረገው ከመታገዱ በፊት ነው። ልጅዎን «ማን አነጋገረህ? ምን ጠየቀህ? መቼ?» ብለው ይጠይቁት። ማንም ሳያነጋግረው ከታገደ ለርእሰ መምህሩ በኢሜይል ይጻፉ፤ ሦስት ነገር ይበቃል፦ ልጄ የራሱን ወገን እንዲያስረዳ አልተደረገም፤ የሪፈራሉን (ልጁ ወደ ቢሮ የተላከበትን) ወረቀትና የምስክሮቹን ቃል ግልባጭ ማየት እፈልጋለሁ፤ የእነዚህን ቀናት የክፍል ሥራ ላኩልኝ። ወላጅ የልጁን መዝገብ ለማየት ሲጠይቅ ትምህርት ቤቱ ቢበዛ በ45 ቀን ውስጥ ሊያሳየው የፌዴራል ሕግ ያስገድደዋል። የክፍል ሥራውን ነገር ቀላል አያድርጉት። እገዳው አልፎ ከተረሳ በኋላ ልጁን የሚጥለው በእነዚያ ሦስት ቀናት የተሰጠው ዜሮ ነው።

አስተርጓሚ ማቅረብ የትምህርት ቤቱ ግዴታ ነው፤ ክፍያ አይጠይቅም፣ ልጁም አስተርጓሚ ሊሆን አይገባም። የተከሰሰ ልጅ የራሱን ክስ ሲያስተረጉም እናት ሙሉውን አትሰማም፤ ርእሰ መምህሩም የእናትን ቁጣ ሙሉውን አይሰማም። ቀጠሮ ሲያዝ «የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» የሚል አንድ መስመር በጽሑፍ ይላኩ።

የመጨረሻው ነጥብ ልጁ አይኢፒ (ለአካል ጉዳት ወይም ለመማር ችግር የሚሰጥ የልዩ ትምህርት ዕቅድ) ወይም 504 ፕላን (ጉዳት ላለበት ተማሪ ክፍል ውስጥ የሚደረግ ማመቻቸት) ካለው ነው። እገዳዎቹ ተደማምረው በዓመት ከ10 የትምህርት ቀን ካለፉና የትምህርት ምደባውን እንደ መለወጥ ከተቆጠሩ፣ ትምህርት ቤቱ ጠባዩ ከጉዳቱ የመጣ መሆን አለመሆኑን የሚመረምር ስብሰባ መጥራት አለበት። አይኢፒ ላለው ልጅ ይህ ስብሰባ ውሳኔው በተሰጠ በ10 የትምህርት ቀን ውስጥ መደረግ አለበት። ያለ ወረቀት ወደ ቤት የተላከባቸው ቀናት የሚያስፈልጉት እዚህ ላይ ነው። ፕላን ከሌለው፣ ነገር ግን ማንበብ እየከበደው ስለሚያፍር ነው የሚረብሸው ብለው ከጠረጠሩ፣ ምርመራ እንዲደረግለት በጽሑፍ ይጠይቁ። በቃል የተጠየቀ ምርመራ ቀን አይቆጠርለትም።

«ልጄ ዘጠነኛ ክፍል ገብቶ ውጤቱ ወረደ። ሚድል ስኩል እያለ ጎበዝ ነበር። ዕድሜው ነው ብዬ ልታገሥ?» (አባት፣ አሌክሳንድሪያ)

አይታገሡ። ዘጠነኛ ክፍል ከአራቱ የሃይስኩል ዓመታት ሁሉ የሚከብድ ነው። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2005 እንዳሳዩት፣ የዘጠነኛ ክፍልን ዓመት በ5 ሙሉ ክሬዲት የጨረሰና በዋና ዋና ትምህርቶች ከአንድ በላይ የሴሚስተር ኤፍ የሌለበት ተማሪ፣ ከዚህ በታች ከሆነው ይልቅ በአራት ዓመት የመመረቅ ዕድሉ ሦስት ተኩል እጥፍ ነው። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ውጤት እንኳ ይህን ያህል አይተነብይም።

ዓርብ ማታ ከልጁ ጋር ሆነው የትምህርት ቤቱን የውጤት ገጽ ይክፈቱ። ዝቅተኛ ነጥብ ከመፈለግዎ በፊት «ሚሲንግ» (ያልገባ ሥራ) የሚለውን ይፈልጉ። አራት ሥራ 85 እያመጣ ሠርቶ አምስተኛውን ያላስገባ ልጅ አማካዩ 68 ነው። ያንኑ አምስተኛ ሥራ ዘግይቶ አስገብቶ 60 ብቻ ቢሰጠው 80 ይሆናል። ወላጅ «ሰነፈ» ብሎ የሚቆጣው ብዙ ጊዜ ያልገባች አንዲት ወረቀት ናት። ከትምህርት የቀረባቸውንም ቀናት ይቁጠሩ፤ 180 ቀን ባለው ዓመት 18 ቀን መቅረት፣ በፈቃድም ይሁን ያለ ፈቃድ፣ እንደ ከባድ መቅረት ይቆጠራል። ለሠርግና ለዘመድ ጥየቃ የሚሄዱት ቀናትም እዚያው ውስጥ ናቸው።

«አትላንታ ውስጥ ስምንተኛ ክፍል ሂሳብ አስተምራለሁ፤ ተማሪዎቼ በአብዛኛው አፍሪካ አሜሪካውያን ናቸው። ወንዶቹ አርሜ የመለስኩላቸውን ወረቀት ሳያዩት ቅርጫት ውስጥ ይጥሉታል። ትምህርት ቤታችን ደግሞ የጥቁር ወንዶች ክበብ ሊከፍት ነው፤ ይጠቅማል?» (መምህርት)

መምህርት፣ ቅርጫት ውስጥ የሚገባው ወረቀት ብዙ ይናገራል። ልጁ ቀዩን እስክሪብቶ ሲያይ ራሱን የሚጠይቀው «የተሳሳትኩት የቱ ጋ ነው?» ብሎ ላይሆን ይችላል፤ «ይህች ሴት ስለ እኔ የምታስበው ምንድን ነው?» የሚለው ይቀድመዋል። ዴቪድ ዬገርና ጄፍሪ ኮኸን ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2014 ያሳተሙት ሙከራ በዚሁ ላይ የተሠራ ነው። የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች ድርሰት ጻፉ፤ መምህራኑ እንደ ወትሮው አረሙት። ከዚያ ተመራማሪዎቹ ከወረቀቱ ጋር ትንሽ ማስታወሻ አያያዙ። ለግማሾቹ ማስታወሻው አስተያየት እንደተጻፈላቸው ብቻ ይናገራል። ለቀሩት ደግሞ፣ ይህን ሁሉ አስተያየት የሰጠኋችሁ ከእናንተ ብዙ ስለምጠብቅና እንደምትደርሱበት ስለማውቅ ነው የሚል ነበር። ድርሰቱን እንደገና ሠርተው የመለሱት ጥቁር ተማሪዎች የመጀመሪያው ማስታወሻ ከደረሳቸው 17 ከመቶ ሲሆኑ፣ ሁለተኛው ከደረሳቸው ግን 72 ከመቶ ነበሩ። ለውጡ የበረታው በትምህርት ቤቱ ላይ እምነት ባጡት ልጆች ላይ ነው።

ይህን ሲያደርጉ ሦስት ነገር ይጠንቀቁ። ቃሉ በየሳምንቱ በየወረቀቱ ላይ ከተለጠፈ ዋጋ ያጣል፤ በዓመቱ መጀመሪያ፣ ከባድ በሆነ አንድ ሥራ ላይ፣ በእጅዎ ይጻፉት። እርማቱ ራሱ ጠንካራና ዝርዝር መሆን አለበት። «ሦስተኛው መስመር ላይ ምልክቱን ሳትቀይር ወደ ማዶ አሻገርከው» ያለችው መምህርት ሥራውን በእውነት አይታለታለች፤ «ጎበዝ፣ በርታ» ግን ለልጁ «ከእኔ ምንም አትጠብቅም» ማለት ነው። ሦስተኛው፣ እንደገና ሠርቶ ያመጣው ልጅ ነጥቡ ሊስተካከልለት ይገባል፤ አለበለዚያ ለከንቱ ነው የደከመው።

ስለ አልጀብራም እናንሣ፤ ስምንተኛ ክፍል ላይ አልጀብራ የጨረሰ ልጅ በተለመደው ቅደም ተከተል አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ካልኩለስ ይደርሳል። ወደ አልጀብራ ክፍል የሚገቡት ምርጫ በመምህር ጥቆማ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ጸጥ ያለው ጥቁር ልጅ ይዘለላል። ፍሎሪዳ ውስጥ ብራዋርድ ካውንቲ በ2000ዎቹ አጋማሽ ለልዩ ተሰጥኦ ክፍል ጥቆማ መጠበቁን ትቶ ሁሉንም የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲፈትን፣ ቀድሞ ማንም ያልጠቆማቸው ጥቁርና ሂስፓኒክ ልጆች በብዛት አለፉ። እርስዎም የሰባተኛ ክፍልን የፈተና ውጤት ከላይ እስከ ታች ደርድረው ከተመደቡት ስሞች ጋር ያስተያዩት። ነጥቡ እያለው ስሙ የሌለ ልጅ ካገኙ ዝርዝሩን ይዘው ወደ ካውንስለሩ ይሂዱ፤ ለቤተሰቡም ይደውሉ።

ክበቡን በተመለከተ ቁም ነገሩ ሰዓቱ ላይ ነው። በወር አንድ ጊዜ በምሳ ሰዓት እንግዳ ተናጋሪ የሚጋበዝበት ክበብ ብዙ አያመጣም። ኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ በ2010 የጀመረችው ግን በመደበኛው የክፍል ፕሮግራም ውስጥ የሚሰጥ ትምህርት ነው፤ መምህራኑ ጥቁር ወንዶች ናቸው፣ ስለ ታሪክም ስለ ጠባይም ስለ ኮሌጅም ያስተምራሉ። ቶማስ ዲና ኤሚሊ ፔነር ባጠኑት መሠረት ፕሮግራሙ ትምህርት የሚያቋርጡትን ጥቁር ወንዶች ቁጥር በ43 ከመቶ ቀንሷል። ክበባችሁ በሳምንት ስንት ሰዓት እንዳለው፣ ማን እንደሚመራውና ክሬዲት እንዳለው ከወዲሁ ይጠይቁ።

«ባለቤቴ አፍሪካ አሜሪካዊት ናት። ልጇ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ ሞርሃውስ ኮሌጅ መግባት ይፈልጋል። የስቴት ዩኒቨርሲቲም ተቀብሎታል። የሞርሃውስ ክብር ይገባኛል፤ ገንዘቡ ግን ያስፈራኛል። ፋፍሳ (የፌዴራል የተማሪ እርዳታ ማመልከቻ) ላይስ የእኔ ገቢ ይገባል?» (የእንጀራ አባት፣ ዳላስ)

ወንድማችን፣ ልጁ የመረጠው ትምህርት ቤት በ1867 ለጥቁር ወንዶች የተመሠረተ፣ ማርቲን ሉተር ኪንግ በ1948 የተመረቀበት፣ ጥቁር ወንድ መሆን በክፍሉ ውስጥ ልዩ ነገር የማይሆንበት ቦታ ነው። ይህ ለብዙ ወጣቶች ትልቅ ነገር ነው፤ በዶላር ብቻ ተመዝኖ የሚጣል አይደለም።

ፋፍሳን በተመለከተ፦ የሚሞላው ባለፉት 12 ወራት ልጁን ይበልጥ በገንዘብ የረዳው ወላጅ ነው። ያ ወላጅ ባለቤትዎ ከሆነች፣ እርስዎን ስላገባች የእርስዎም ገቢ ይቆጠራል። ግብር አብራችሁ የምታስገቡ ከሆነ የእሷ ፊርማ ይበቃል፤ ለየብቻ ከሆነ እርስዎም የራስዎን አካውንት ከፍተው የግብር መረጃዎ እንዲታይ መፍቀድ አለብዎት። ፈቃዱ ከተከለከለ ልጁ የፌዴራል እርዳታ ጨርሶ አያገኝም። የሚታየው ገቢ ከሁለት ዓመት በፊት ያለው ስለሆነ፣ ከዚያ ወዲህ ሥራ ከለቀቃችሁ ወይም ገቢ ከቀነሰ ለኮሌጁ ፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ማስረጃ አያይዛችሁ እንደገና እንዲታይ ጠይቁ።

የእርዳታው ደብዳቤ ሲመጣ ከታች የተጻፈውን «የሚቀርዎት 0» አትመኑ። በምሳሌ እንየው። የአንድ ኮሌጅ የዓመት ወጪ 52,000 ዶላር ይሁን። ደብዳቤው የኮሌጁ ስኮላርሺፕ 18,000፣ ፔል ግራንት (የማይመለስ የፌዴራል እርዳታ) 7,395፣ የተማሪ ብድር 5,500፣ ወርክ ስተዲ 2,500፣ የወላጅ ብድር 18,605 ይላል፤ ድምሩ ልክ 52,000 ነው። ስጦታው ግን የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ብቻ ናቸው፣ 25,395። ወርክ ስተዲ ልጁ ሠርቶ በየጊዜው የሚያገኘው ደመወዝ ነው፤ የመስከረምን ክፍያ አይሸፍንም። ስለዚህ የቤተሰቡ እውነተኛ ወጪ በዓመት 26,605፣ በአራት ዓመት ከ106,000 በላይ ነው። ሁለተኛው ትምህርት ቤት 28,000 አስከፍሎ 13,395 በስጦታ ቢሰጥ የሚቀረው 14,605 ነው። የሁለቱንም ደብዳቤ በዚህ መንገድ አስልታችሁ ልጁን አስቀምጣችሁ አሳዩት። ስኮላርሺፑ በየዓመቱ የሚታደስ መሆኑንና ስንት ጂፒኤ (አማካይ ውጤት) እንደሚጠይቅም ጠይቁ፤ ሁለተኛ ዓመት ላይ በዚህ ምክንያት የሚወጡ አሉ።

የትኛውንም ቢመርጥ፣ የጀመሩት ይጨርሳሉ ወይ የሚለው መታየት አለበት። የፌዴራሉ «ኮሌጅ ናቪጌተር» ገጽ ላይ የእያንዳንዱ ኮሌጅ የስድስት ዓመት ምረቃ በዘርና በጾታ ለየብቻ ይገኛል። በአገር ደረጃ በ2010 አራት ዓመት ኮሌጅ ከጀመሩት ጥቁር ተማሪዎች በስድስት ዓመት የተመረቁት 40 ከመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ፤ ወንዶቹ ከሴቶቹም ያነሱ ናቸው።

ከዚያ ሰኔና ሐምሌ አለ። ተቀባይነት አግኝቶ፣ ተመርቆ፣ ፎቶ ተነሥቶ ነሐሴ ላይ ሳይገባ የሚቀር ልጅ ብዙ ነው። የሚያስቀረውም ትንንሽ ነገር ነው፦ የክትባት ወረቀት፣ የመኝታ ቅጽ፣ ፋፍሳው ለማጣራት መመረጡን የሚናገር ያልተከፈተ ኢሜይል። የጤና መድን ካላችሁ የኮሌጁን መድን እንደማትፈልጉ በቀኑ ካላሳወቃችሁ ሂሳቡ ላይ ከባድ ክፍያ ይደመራል። ልጁ የኮሌጁን ኢሜይል በየቀኑ እንዲከፍት አድርጉ።

«የኮሌጅ አንደኛ ዓመት ነኝ፣ ኢንጂነሪንግ። ካልኩለስ ሚድተርም 41 አመጣሁ። ክፍሉ ውስጥ ጥቁር ወንዶች ሦስት ነን። ማታ ማታ ብቻዬን እያጠናሁ ነው፤ ሰው እንዲያውቅብኝ አልፈልግም። ልተወው?» (ተማሪ፣ ሜሪላንድ)

ወንድማችን፣ የጻፍከው ነገር ከአንተ በፊት ተጠንቷል። በ1970ዎቹ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ በርክሊ ውስጥ ዩሪ ትራይስማን የተባለ የሂሳብ ሰው ጥቁር ተማሪዎች ካልኩለስ ላይ ለምን እንደሚወድቁ ጠየቀ። መምህራኑ ዝግጅታቸው ነው፣ ፍላጎት የላቸውም፣ ቤተሰባቸው አይደግፋቸውም አሉት። እሱ ግን ተማሪዎቹን ተከትሎ ማደሪያቸው ድረስ ሄደ። ጥቁር ተማሪዎቹ ይሠራሉ፣ የተባለውን ሰዓት ያጠናሉ፤ ግን ብቻቸውን ነው፣ በር ዘግተው። ከእነሱ ጋር ያወዳደራቸው ቻይናውያን ተማሪዎች ደግሞ መጀመሪያ ለየብቻ ይሠሩና ማታ ተሰብስበው ያወዳድራሉ፣ አንዱ የሌላውን ስህተት ያርማል፣ የከበዳቸውን አብረው ይቆፍራሉ። ሁሉም የከበዳቸው ጥያቄ ካለ ጥያቄው ከባድ መሆኑን ያውቃሉ። ብቻውን ያለው ግን እሱ ደካማ የሆነ ይመስለዋል። ትራይስማን ያቋቋመው ወርክሾፕ የማጠናከሪያ ትምህርት አልነበረም፤ ከክፍሉ የባሱ ከባድ ጥያቄዎችን በቡድን መሥራት ነበር፤ የገቡትም ጥቁር ተማሪዎች ውጤታቸው ተሻሻለ።

አንተም ከነዚያ ሁለት ልጆች ጀምር፤ ከክፍሉ አንድ ወይም ሁለት ጨምራችሁ አራት ወይም አምስት ሁኑ። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሁለት ሁለት ሰዓት፣ ነጭ ሰሌዳ ባለው የቤተ መጻሕፍት ክፍል። ሁሉም ጥያቄዎቹን ቀድሞ ለብቻው ሞክሮ ይምጣ፤ ያልሞከረ ገልባጭ ይሆናል፣ ቡድኑም በሦስተኛው ሳምንት ይፈርሳል። የሰሌዳውን እስክሪብቶ የሚይዘው መልሱን ያላገኘው ይሁን።

ኦፊስ አወርስ (መምህሩ በቢሮው ተማሪ የሚያነጋግርበት ሰዓት) ስትሄድ «አልገባኝም» ብለህ አትግባ። አንድ ጥያቄ እስከምትችለው ሠርተህ የቆምክበትን መስመር አስምርበትና «ከዚህ ወደዚህ እንዴት እንደሚሻገር አላየሁትም» በል። የ41ዱን ወረቀትም ይዘህ ሂድ፤ የጠፋው ነጥብ ስንቱ በካልኩለስ፣ ስንቱ በአልጀብራና በትሪጎኖሜትሪ እንደሆነ አብራችሁ ቁጠሩ። ብዙ ጊዜ ከፊሉ ከሃይስኩል የቀረ ነው፤ ያ ይጠገናል።

መተው ካለብህ ደግሞ አስልተህ ተው። ሲላበሱን (የትምህርቱን ዕቅድና የነጥብ አከፋፈል የያዘውን ወረቀት) አውጣና የቀረው ፈተና ከመቶ ስንት እንደሚይዝ ደምር። ለምሳሌ ሚድተርሙ 20 ከመቶ ብቻ ከሆነ 80ው ገና በእጅህ ነው። በሒሳብ የማይደረስበት ከሆነ ደብልዩ (ትምህርቱን በጊዜው መተውህን የሚያሳየው ምልክት) ከኤፍ ይሻላል፤ ጂፒኤህን አይነካም። ነገር ግን ለእርዳታው ይቆጠራል፦ በአብዛኛው ኮሌጅ ከተመዘገብክበት ክሬዲት 67 ከመቶውን ማለፍ አለብህ። 15 ተመዝግበህ ባለ 4 ክሬዲቱን ካልኩለስ ብትተው 11 ይቀርሃል፣ 73 ከመቶ ነው፣ ሌላውን ሁሉ ካለፍክ ትተርፋለህ። አንድ ሌላ ብትወድቅ ግን ትወርዳለህ። ተበሳጭተህ ሁሉንም ትምህርት አንድ ላይ እንዳትተው፤ ከሴሚስተሩ 60 ከመቶ ሳይሞላ የወጣ ተማሪ ከተሰጠው የፌዴራል እርዳታ ከፊሉ ይመለሳል፣ ዕዳውም በስሙ ይመጣበታል። ቅጹን ከመፈረምህ በፊት አድቫይዘርህንም ፋይናንሻል ኤይድ ቢሮውንም አነጋግር፤ የደብልዩ የመጨረሻ ቀን በኮሌጅህ የዓመቱ ካሌንደር ላይ አለ፣ ዛሬ ማታ ተመልከተው።